ሐኪም ጋራን ረግጣ የማታውቅ ጦጣ

የአሠሪዬን የአው ሙሜን ሞት የነገረኝ ሰው የለም፤ ጸጥታው ነው የነገረኝ። ጠዋት እንደ ልማዴ ከሐኪም ጋራ ወርጄ ሐረር ጀጎል ገባሁ። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው፤ ገና ሳይደርሱበት ግር፣ ግር፣ ግር ሲል ይሰማል። የዚያን ዕለት ግን ምንም አይሰማም። ሰፊዎቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ቆመው ወደ አንድ የተዘጋ በር ያያሉ። በሩ የእኛ ነው። ቁልፉ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጎረቤታችን ከድር ጠጋ አለኝ። "ለሱብሒ ሰላት ሲነሱ ነው አሉ" አለ። አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ሜትር ጫፍ ዕንባውን ጠረገና ጨመረበት፤ "ያቺን የሐኪም ጋራ ጦጣ በዓይኑ ያየ የመጨረሻው ሰው ሄደ!"

"አላዩዋትም፤ ማንም አላያትም" ማለት ነበረብኝ። ያኔ ሰው ፊት መናገር አልቻልኩምና ይኸው እጽፈዋለሁ።

አው ሙሜ ዘንድ ስቀጠር ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት መዋል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈው ነበር። ሥራዬ ቁልፍ መትከል፣ መዘምዘም፣ ያለቀውን ልብስ መተኮስ ነው። ደንበኛ ሲገባ ከጨርቁ ክምር ኋላ እሆናለሁ። አው ሙሜ ደግሞ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ የመነጽራቸውን አንድ እግር በክር የተኩ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር ሲፎካከሩ ስለኖሩ ቀስ ብሎ መናገር አይሆንላቸውም። "ምስጢር ልንገርሽ" ሲሉኝ ከድር ማዶ ሆኖ መኪናውን ያቆም ነበር፤ እንዳያመልጠው።

እኔን ደግሞ በየጠዋቱ፣ ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ "አቦ ዝም በይ! ጆሮዬን በላሽው!" ይሉኛል። ይህ ሰላምታቸው ነው። ሳይሉኝ የቀሩ ቀን ታመሙ እንዴ ብዬ እሰጋለሁ።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ መምህር ለወንድሙ ሠርግ ያሰፋውን ሱሪ ስተኩስ ጭኑ ላይ አቃጠልኩት። ካውያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አው ሙሜ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀዳዳውን አገላብጠው አዩት።

"ማሻአላህ" አሉ። "ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያቃጠልሽው።"

ቁራጭ ጨርቅ አነሱና ኪስ ሰፉበት። መምህሩ መጥቶ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲል፣ "የስልክ ኪስ ነዋ! አንተ እስካሁን የለህም?" አሉት። መምህሩ አፈረ። በወሩ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ መምህራን ግማሾቹ ጭን ላይ ኪስ ይሰፋልን እያሉ ተሰለፉ።

"አየሽ ልጄ፣ የተበላሸ ነገር አይፈታም" አሉኝ። "ሲፈቱት ቀዳዳው ይታያል። ኪስ ስፊበት።" ይህን አባባል ለሁሉም ነገር ያውሉት ነበር፤ ለተጣላ ባልና ሚስት፣ ለተበላሸ ሽሮ፣ በምርቃት መካከል ስም ለጠፋው ሽማግሌ።

አሁን ወደ ጦጣዋ ልምጣ። አንድ ቀን ናስር የሚባል አስጎብኚ አንዲት ፈረንጅ ይዞ መጣ። ከጀጎል ኤረር በር ማዶ ወደ ቆላው ወርዳ ዝንጀሮ ስታይ እሾህ ሱሪዋን ከላይ እስከ ታች ቀዶባታል። አው ሙሜ በአንድ ሰዓት አዲስ ሊሰፉላት ተስማሙ፤ እሷም ሽርጥ አገልድማ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጠች።

"ምንድን ነው ሥራዋ በላት" አሉ አው ሙሜ።

"ጦጣ ታያለች" አለ ናስር።

"እሱንማ ሁላችንም እናያለን። ሥራዋን ነው ያልኩህ።"

"ሥራዋ ነው አው ሙሜ። ጦጣ ማየት።"

"ደሞዝ አለው?"

"አለው።"

አው ሙሜ ወደ እኔ ዞሩ። "አቦ! እኛ በመርፌ ዓይናችንን አጠፋን።"

ሴትየዋ ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አውጥታ በመጋረጃው ቀዳዳ አቀበለችን። ጥቁር ቡናማ ጦጣ ናት፤ ጎንና ጎኗ ላይ እንደ ጥልፍ የተዘረጋ ወርቅማ ጸጉር አላት። አፏን እንደ ጡሩምባ ከፍታለች። ናስር እየተረጎመ ነገረን። ጎሳዋ ጯሂ ጦጣ ይባላል። ጎሳው ሰፊ ነው፣ ብዙ አገር ይኖራል፤ ይቺ ግን ከጎሳው አንዲት ቤት ናት፤ ፓናማ በሚባል አገር፣ አዙዌሮ በሚባል ወደ ባሕር በገባ መሬትና በአጠገቡ ካልሆነ በቀር የትም የለችም። ከብት አርቢዎች ጫካዋን መንጥረውባታል። ስለዚህ በአጥር ዛፎች ላይ እየተረማመደች ከአንዱ ቁራጭ ጫካ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ወንዱ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ቅል ባዶ የሆነ አጥንት ስላለው ማለዳ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። የሚጮኸውም ላለመጣላት ነው፤ "እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተ እዚያው ሁን" ለማለት። ምግቧ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ነው። ቅጠል ብዙ ኃይል ስለማይሰጥ ቀኑን ጋደም ብላ ታሳልፋለች።

እዚህ ላይ የአው ሙሜ መቀስ ቆመ።

"ቅጠል ትበላለች?"

"አዎ።"

"ከዚያ ጋደም ትላለች?"

"አዎ።"

"ጠዋት ትጮሃለች፤ ከሰዓት ቅጠሏን ይዛ ጋደም?"

ናስር ጠይቆ "አዎ ትላለች" አለ።

"ወላሂ ይቺ ሐረሬ ናት!"

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ከድር ጫቱን የጠቀለለበትን ላስቲክ ከጉልበቱ በታች ሲደብቅ አየሁት።

ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት ፎቶውን ለአው ሙሜ ሰጠቻቸው፤ ጀርባውም ላይ በቋንቋዋ ጻፈችበት። አው ሙሜ፣ "አንቺ የተማርሽው፣ በእኛም ጻፊበት" አሉኝ። ናስር እየነገረኝ በእርሳስ ጻፍኩ፦ "ይቺ ጦጣ የምትኖረው በፓናማ፣ በአዙዌሮ ብቻ ነው። ሌላ የትም የለችም።"

አው ሙሜ ፎቶውን ከመኪናቸው በላይ ሰቀሉት። ሴትየዋ በስልኳ ያሰማቻቸውን ጩኸት ተለማመዱት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ስለ ፓናማ ጦጣ እውነቱን ተናገሩ። የሚያገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነበር።

"ፓናማ የት ነው?"

"ሩቅ ነው።"

"እሺ። ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?"

ይህ እንዴት እንደሚያማቸው የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ነገር ያውቃሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

አንድ ቀን ኤልያስ የሚባል ወጣት ኮት ሊያሳጥር መጣ። እንግዶችን በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። እጅጌው እስኪለካ ድረስ ያለቅሳል ማለት ይቻላል።

"ለእንግዳ የሚታይ አዲስ ነገር አምጡ ተብለናል። እስከ ዓርብ።"

"ጅቡ አለ አይደል?" አሉ አው ሙሜ።

"ጅቡን ዓለም አየው። አዲስ!" ቀና ሲል ዓይኑ ፎቶው ላይ ወደቀ። ተነሣ። "ይቺስ?"

አው ሙሜ ትንፋሽ ሳቡ። ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ "ፓናማ" የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ግን የልጁን ዓይን አዩ። በዓመት ውስጥ ማንም ያንን ፎቶ እንደዚያ አይቶት አያውቅም።

"ሐረሬ ናት" አሉ።

"የት ነው የምትኖረው?"

በአገጫቸው ወደ ደቡብ ጠቆሙ። "ሐኪም ጋራ።"

"አይተሃታል?" ልጁም የሐረር ልጅ ነው፤ እኛ ከተማ ሲደነግጡ ሽማግሌም "አንተ" ይባላል።

"ታዲያ!"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ኤልያስ በስልኩ ፎቶውን አንስቶ እየሮጠ ከወጣ በኋላ "አው ሙሜ..." አልኩ።

"አቦ ዝም በይ" አሉኝ፤ ዓይኔን ሳያዩ። "ልጁ ዓርብ አለበት።"

በሳምንቱ ኤረር በር አጠገብ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለ፤ "በዓለም ላይ በሐኪም ጋራ ብቻ የምትገኝ ወርቅማ ጦጣ" ይላል። ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ጦጣዋን ያላየ ሰው ጠፋ። ከሥዕሉ ሥር ቲማቲም የምትሸጠው ዘይቱና ሁለት ጊዜ እንደሰረቀቻት በአላህ ስም ማለች። ከድር ቅድመ አያቱ ጦጣዋን ያላምዷት እንደነበር ትዝ አለው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውን የሚከታተል ሌላ ኮሚቴም ተቋቋመ። አው ሙሜ "የጦጣዋ አባት" ተብለው የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰጣቸው፤ በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ ጀመር። ሰው ሲያዳምጣቸው አሥር ዓመት ወጣት ሆኑ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

ናስር እውነቱን በገዛ አፉ የተረጎመ ሰው ነው። እሱ ግን እንግዶችን በማለዳ ሐኪም ጋራ እየወሰደ "ጩኸቷን ስሙ" ማለት ጀመረ። እንግዶቹን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ "መጣሁ" ይልና ከቤታችን በላይ ካለው ቁልቋል ኋላ ይሄዳል፤ እዚያ ባዶ በርሜል አለው፤ አንገቱን ከትቶ ይጮሃል። አጯጯሁን ያስተማሩት አው ሙሜ ናቸው።

እናቴ ሲጮህ እየሰማች፣ "ዛሬ ድምፁ ተዘግቷል፤ ብርድ መትቶታል። ሻይ ልውሰድለት እንዴ?" ትላለች። ትወስድለትም ነበር።

ሁላችንም እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግን እናቴ ደጅ ቆማ አገኘኋት። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት። ከመንደሩ ቧንቧ በላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ተቀብተዋል። ቦታው ታጥሮ "የጦጣዋ መኖሪያ" ሊሆን ነው፤ ሰዎቹ ይነሣሉ።

"ወዴት?" አልኩ።

"እሱን ገና ኮሚቴው ያያል አሉ" አለች እናቴ። እሷ የተወለደችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ አባቷም እዚያው ነው የተወለዱት። በእጇ ጓሮ የቆፈረችበትን ዶማ እንደያዘች ነበረች። "ደግሞ ልጁ ሲቀባ ውኃ ጠይቆኝ ሰጠሁት።"

በማግሥቱ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል ሁሉንም በተቃራኒው ተከልኳቸው። አው ሙሜ አዩኝ። "አቦ ዝም በ..." ብለው ሳይጨርሱ አለቀስኩ።

"የእናቴን ግድግዳ ቀቡት" አልኩ። "ለጦጣዋ።"

እግራቸው ከመኪናው ላይ ወረደ። ስለ አጥሩ አልሰሙም ነበር፤ በስብሰባው ላይ ሁሌ እሳቸው ይናገራሉ እንጂ ሌላው ሲናገር አያዳምጡም። ፎቶውን ተመለከቱ። ከዚያ ከሚስማሩ አወረዱትና "ስብሰባው መቼ ነው?" አሉኝ።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው ሐኪም ጋራ፣ በድንኳን ውስጥ ነው። ቤታቸው የተቀባባቸው ሁሉ መጥተዋል። ኤልያስ ይጽፋል። የኤልያስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በድምፅ ማጉያ "የጦጣዋ አባት አንድ ቃል ይበሉን" አለ። አው ሙሜ የክት ኮታቸውን ለብሰው ተነሡ፤ ማጉያውን አልተቀበሉም፤ አያስፈልጋቸውም።

"ዋሽቻለሁ" አሉ። "ጦጣዋ ሐኪም ጋራን ረግጣ አታውቅም። እኔም አይቻት አላውቅም። ያለችው ፓናማ ነው። እዚህ ያለ ጦጣ ቲማቲም የሚሰርቀው ያው የድሮው ጦጣችን ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እናንተም አውፍ በሉኝ። የሰው ቤት አትንኩ።"

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ተነሣ።

"ትሕትና ማለት ይሄ ነው!" አለና አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ።

"ትሕትና አይደለም! ውሸት ነው!" ጮኹ አው ሙሜ።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ የራሱ ቤት ሁለት ቦታ የተቀባበት ሰው፣ ተቆጥቶ ተነሣ። "እንዴት የለችም ትላለህ? በየማለዳው የምሰማው ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ውሸታም ነኝ?"

"ናስር ነው የሚጮኸው!"

ሁሉም ወደ ናስር ዞረ። ናስር የድንኳኑን ጣሪያ ሲያይ ቆየ። "እኔ... የምጮኸው እሷን ለመጥራት ነው" አለ።

"ትመልስልሃለች?" አለ ኃላፊው።

"አንዳንዴ።"

አው ሙሜ ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። "ልጄ፣ ፎቶውን አምጪው።" ከመጨረሻው ወንበር እስከ ፊት ያለው መንገድ ከሐኪም ጋራ እስከ ጀጎል ካለው ይረዝማል። ኃላፊው ጀርባውን ገልብጦ አነበበ።

"ማን ነው በእርሳስ የጻፈው?"

"እኔ" አልኩ።

"አልሰማሁም።"

"እኔ!"

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ስድስተኛ... ጨርሻለሁ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ኃላፊው ፎቶውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ። "ማኅተም የለውም" አለ። "የእኛ ጥናት ማኅተም አለው።"

እናቴን አየኋት። ሻሿን ታጠብቃለች፤ ሊሄድ እንደተነሣ ሰው።

አው ሙሜ ቁጭ አሉ። ፊታቸው የተበላሸ ቁርጥ ሲያዩ የሚሆነውን ሆነ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኮታቸው ኪስ ሄደ፤ እዚያም ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ።

"ልክ ናችሁ" አሉ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ጦጣዋ ነበረች።"

ጭብጨባ።

"አሁን ግን ሄዳለች። በርሜሉ፣ ማጉያው፣ ኮሚቴው ሲበዛባት ተሰደደች። ይኸው ፎቶዋ። ጀርባው ላይ ያለችበት ተጽፏል፤ ፓናማ።"

ኃላፊው እጁን ዘረጋና ፎቶውን እንደገና ወሰደ። አሁን በሁለት እጁ ነው የያዘው። "ፓናማ ገብታለች?"

"ገብታለች። ፈረንጅ በዓይኗ አይታ መስክራለች። ለሄደች ጦጣ አጥር ብታጥር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል።"

ኃላፊውና ኤልያስ ተንሾካሾኩ። የጻፍኩት ያው በእርሳስ ነው፤ ማኅተሙም ያው የለም። ኃላፊው ግን ፊቱ በርቶ ማጉያውን አነሣ። "ስለዚህ የሐኪም ጋራ ጦጣ ዓለም አቀፍ ሆናለች ማለት ነው!" ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። አጥሩ ቀረ። በምትኩ "ወርቅማዋ ጦጣ ትኖርበት የነበረ ስፍራ" የሚል ሰሌዳ እንዲተከል ተወሰነ። ሰሌዳው አሁንም አለ፤ እናቴ የታጠበ ልብስ ታሰጣበታለች።

ከአው ሙሜ ጋር ቁልቁል ወረድን። ጀጎል በር ስንደርስ ቆሙ።

"ኪስ ሰፋሁበት አይደል?"

"አዎ።"

"ቀዳዳው ግን ከሥሩ አለ።" ያን ጊዜ ብቻ ነው ቀስ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው። "እዚህ ኪስ ይሠራል ልጄ። አላህ ፊት አይሠራም። እዚያ ልብሱን ገልብጠው ነው የሚያዩት።" ፎቶውን በእጄ ላይ አደረጉት። "አንቺ ያዢው። ስሞት ስለ እኔ ይዋሻሉ። ያኔ ተናገሪ።"

እሺ ልል አፌን ስከፍት፣ "እስከዚያ ዝም በይ!" አሉና በሩን አልፈው ገቡ።

የአው ሙሜ ለቅሶ ቤት ከእናቴ ጋር ሄድን፤ ሴቶቹ ካሉበት ክፍል ተቀመጥን። ዘይቱና ቲማቲም ሻጯ ደረቷን እየመታች፣ "ያቺን ጦጣ ያዩ ዓይኖች አፈር ገቡ!" አለች።

ተነሣሁ። "አላዩዋትም!" አልኩ። ድምፄ እንደ እሳቸው ሆኖ ወጣ፤ ከወንዶቹ ክፍል እንኳ ወሬ ቆመ። "እዚህ መጥታ አታውቅም። ፓናማ ነው ያለችው። ራሳቸው ነግረውኛል!"

ዘይቱና ዕንባዋን እየጠረገች እጄን ያዘች። "አዎ የኔ ልጅ" አለች። "ፓናማ ናት። እሷም ሄደች፤ እሳቸውም ተከተሏት።"

"አላህ ይዘንላቸው" አሉ ሴቶቹ።

እናቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ሦስት ጊዜ በኖራ ቀባችው፤ ሦስቴም በኖራው ውስጥ ወጣ። በመጨረሻ ከአው ሙሜ ቁርጥራጭ ጨርቆች ትልቅ ኪስ ሰፍቼ፣ ዝናብ እንዳይገባው ውስጡን በላስቲክ ሸፍኜ ቀለሙ ላይ ቸነከርኩት። ፎቶውን እዚያ ነው ያስቀመጥኩት። ሰሌዳውን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ደጃችን ላይ ቆመው ጦጣዋን ከኪሱ አውጥተው ያያሉ፤ "ወይኔ፣ ምን ታምራለች! ምነው ባልሄደች!" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ከበሩ ወጥቼ፣ ጮክ ብዬ፣ "ገልብጡት" እላቸዋለሁ።